የሚልኪያስ ሁለተኛ ለቅሶ

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲሞት የምታለቅሰው ትርሲት ነበረች። ሟቹ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ የፋብሪካ ባለቤትም ይሁን የፋብሪካ ዘበኛ፣ ድንኳኑ ቆሞ ወንበር ሳይደረደር ድምጿ ይሰማል። እሷ ግን ያን ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፤ አለዚያም ታንቀላፋለች። ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ስለነበር እንቅልፍ በቀላሉ ይጥላት ነበር።

ድምጿ የሚወጣው የእድሩ ሰዎች «አልቃሽ» ከሚሉት ዕቃ ነው። ስሙን የወረሰው ድሮ ሙሾ ከሚያወርዱት ሴቶች ነው። የድፎ ዳቦ ግማሽ የሚያክል ግራጫ ነገር ሲሆን፣ ድንኳኑ ራሱን ነፍቶ ሲቆም ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ይነሳል፤ ያኔ ለቀስተኛው አንገቱን ይደፋል። ቀጥሎ ከፍ ሲል ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ትንፋሽ አጥሯት ድንገት የምትቋረጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሁሉም በአንድነት መሀረቡን ያወጣል። ሲበርድ ንፍሮው ይዞራል። ልጆች ይህንን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል። የድሮ ሰዎች ያለ አልቃሽ ያለቅሱ ነበር ሲባሉ «ታዲያ ማን ነበር የሚጀምረው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

ለቅሶው የተወሰደው ሃምሳ ዓመት ካለፈው «የላይ ቤት» ከሚባል ተከታታይ ድራማ ነው። ያኔ ተዋናይ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ያልሆነውን ሰው መስሎ መኖር ነው። በኋላ ስክሪን የሆነው የቤት ግድግዳ ለየቤቱ የየራሱን ድራማ መሥራት ሲጀምር ተዋናይም ቀረ፤ የአንዱን ቤት ጀግና የሌላው ቤት ሰው ስለማያውቀው «ትናንት አየሽው?» የሚባለው ጥያቄም አብሮ ቀረ። ከተማው በሙሉ በጋራ የሚያውቀው አንድ የትወና ሥራ ቢኖር ያ የትርሲት ለቅሶ ብቻ ነበር፤ እሱንም ትወና ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ጎረቤቶቿ ግን የድምፁን ባለቤት ስለሚያውቋት ሊፍት ውስጥ ሲያገኟት ያሾፉባታል። «እማማ፣ ትናንት ሦስት ቦታ ሲያለቅሱ ዋሉ፤ ዛሬስ አረፉ?» ይሏታል።

ድራማው ላይ ሬሳ ሆኖ የተለቀሰለት ሚልኪያስ ነበር። ሚልኪያስ ሌላ ቦታ ተናግሯል፣ ተደባድቧል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ፈረስ ጋልቧል። ሰው የሚያስታውሰው ግን ተኝቶ ነው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ «ሟቹ መጣ፣ ጠጋ በሉለት» ይሉት ነበር፤ እሱም «ነፍስ ይማር በሉ እንጂ» ብሎ ይቀመጣል። ያቺን ቀን በየሰርጉና በየክርስትናው ሲያወራት ነው ያረጀው። ሚስቱ ትርሲት አጠገቡ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ እሷ ግን አውርታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀረጻው ጠባሴ ሰፈር ውስጥ በተከራዩት ግቢ ነበር። አዘጋጁ ብልህ ሰው ነው፤ መብራቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ የሠራተኛውን ምሳ ሁሉ አስቦበታል። ለጎረቤት መንገር ግን ረሳ። ትርሲት በልምምድ ጊዜ ድምጿን ቆጥባ ነበርና፣ ቀረጻው ሲጀመር አንዴ ለቀቀችው። ድምጿ የቆርቆሮውን አጥር አልፎ ሄደ። ያኔ የጠባሴ ሰው ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይደርሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ አንዷ የልጇን አንድ ጫማ እንዳንጠለጠለች፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ገፍተው ገቡ። ካሜራውን አላዩትም እንዳትሉ፤ አይተውታል። ሰርጉም ለቅሶውም በካሜራ የሚቀረጽበት ዘመን ስለነበር ነገሬ ያለው የለም።

ካሜራ ያዡም አላቆመም። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ግዙፍ ሴት ትርሲትን ከኋላዋ እቅፍ አድርገው «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ፣ አልቅሺ» አሏት። ትንፋሿ የተቋረጠው ያኔ ነው። ድርሰቱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ለማን እንዳለቀሰች ራሷም አታውቅም፤ ብቻ ሰው እንደዚያ አድርጎ አቅፏት አያውቅም ነበር።

ጋቢው ስር የተኛው ሬሳ ጭንቅ ያዘው። ቢነሳ አሮጊቶቹ በድንጋጤ ይሞታሉ፤ ባይነሳ ለቅሶው አያልቅም። ትርሲት መዳፏን ጋቢው ላይ ስታሳርፍ፣ ከስር በአንድ ጣቱ ነካ፣ ነካ አደረጋት። አለሁ ማለቱ ነው። ሊያጽናናት ይሁን ሊያስቃት ግን ዕድሜ ልኩን አልነገራትም። የተጋቡት በዚያች ጣት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አዘጋጁ በቃ ሲል ሚልኪያስ ጋቢውን ቀስ ብሎ ገለጠና «ይቅርታ እናቶቼ» አለ። አንዷ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉበት። ጠባሴ ተቀየመ፤ እንባ መቀለጃ ሆነ ተባለ። ሽማግሌ ተላከ፣ በግ ታረደ፣ ጉልበት ተሳመ። እትዬ ዘነበችም በመጨረሻ ይቅር አሉ፤ ግን ጣታቸውን ሚልኪያስ ላይ ቀስረው «ያንተን ለቅሶ ደርሻለሁ። ስትሞት ቀሪ ነኝ» አሉት። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቀድመውት ሞቱ።

ያቺ ጣት የቤት ልማድ ሆና ቀረች። ሚልኪያስ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ሲል ትርሲት በአጠገቡ ስታልፍ መዳፏን ጣል ታደርግበታለች፤ እሱም ከስር ነካ፣ ነካ ያደርጋታል። ተኳርፈው እንኳ ያደርጉታል። አንዳንዴ እንቅልፍ ወስዶት እያንኮራፋ ጣቱ ትንቀሳቀሳለች።

አንድ ክረምት ሁለቱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ሲፈለፍሉ ከታች፣ ከአራተኛው ብሎክ፣ የትርሲት ድምፅ ተነሳ።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አለች ትርሲት።

«አልቃሿ አንቺ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ሳቁ። ድምጿ ከታች ከፍ አለ፣ ተቋረጠ፣ በረደ። ሚልኪያስ በቆሎውን ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ስሞት ይሄንን እንዳታመጪብኝ» አለ።

«ምን አደረገህ?»

«ሰምቼዋለኋ። እዚያው ስሩ ተኝቼ ነው የሰማሁት። አንዴ የሰጠሽኝን መልሰሽ አትስጪኝ፤ አዲስ አልቅሺልኝ።»

«እኔ መች ማልቀስ እችላለሁ ሚልኬ?»

ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ድራማው በታየ በጥቂት ዓመት እናቷ ስትሞት ትርሲት አፏን ስትከፍት የወጣው ያው የድራማው ለቅሶ ነበር፤ አነሳሱ ያው፣ መቋረጡ ያው። ለቀስተኛው ቀና ቀና እያለ አያት። አንዷ «ውይ፣ ራሷ ናት እኮ» ስትል ጆሮዋ ገባ። ትርሲት አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ቀብራለች፣ እህቷን ቀብራለች፣ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ሸኝታለች፤ ለአንዳቸውም ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። አልቃሹ ደግሞ ከመጣ በኋላ ማንም አልታዘባትም፤ እሷ ዝም ብትልም ድምጿ ያለቅስላታል።

«እሞክራለሁ» አለችው።

«ቃል?»

«ቃል።»

በኅዳር ሚልኪያስን ደረቱን አመመውና ክሊኒክ ገባ። ቀለል ሲለው «የቤቴን ጋቢ አምጪልኝ፣ የእነዚህ ብርድ ልብስ አይሞቅም» አላት። ጋቢውን ይዛ ስትመለስ አልጋው ባዶ ሆኖ ተነጥፎ ነበር። ነርሷ ወንበር ሰጠቻት። ትርሲት ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠች፤ ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት።

በማግስቱ ጠዋት መኝታ ቤቷን ዘጋችና ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሞከረች። ያው ለቅሶ መጣ። ዝግ ብሎ ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ተቋረጠ። «ጥሩ ወጣ» አለች በልቧ። ወዲያው ራሷን ጠላች። ሃምሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ሞቶ እሷ እንደ ተዋናይ ድምጿን ትመዝናለች። ትራሱን ወርውራ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

የእድሩ ሰብሳቢ ናሆም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ትሑትና ሥራ ወዳድ ሰው ነው፤ ድንኳኑ ሲቆም እንኳ ልብሱ አቧራ አይነካውም።

«እማማ ትርሲት፣ ያጽናዎት» አለ ጎንበስ ብሎ። «ድንኳኑ ቆሟል። አልቃሹም ዝግጁ ነው። አስከሬኑ ከክሊኒክ ሲደርስ ይጀምራል፣ ሲወጣ ደግሞ ከፍ ይላል። እርስዎ ምንም አይድከሙ።»

«አልቃሹን አንሱልኝ ናሆም ልጄ።»

«እማማ፣ የራስዎ ድምፅ እኮ ነው። ለጋሽ ሚልኪያስ ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል?»

«እሱን ሰምቶታል» አለች። «አዲስ አልቅሺልኝ ብሎኛል። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ይገባኛል። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ቤተሰብ ያለ አልቃሽ ይሁን ብሎን እሺ አልን። ሰዉ ገብቶ ንፍሮውን በልቶ እርስ በርሱ ሲያወራ ዋለ። መቼ አንገቱን እንደሚደፋ አላወቀማ። ልደት መስሏቸው ስጦታ ይዘው የገቡም ነበሩ።» ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፤ አስከሬኑ ሲወጣ ብቻ ዝም ላሰኘው። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ ጸጥታ አይወድም። ዝምታው ከበዛበት በራሱ ይነሳል።»

«እኔ ዝም አልልማ» አለች ትርሲት።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የሬሳ ሳጥኑን መሀል ላይ አስቀምጠው፣ ትርሲት ራሷ የሚልኪያስን ጋቢ አለበሰችው። አልቃሹ ሥራውን ሲሠራ ዋለ፤ አንገት ተደፋ፣ መሀረብ ወጣ፣ ንፍሮ ዞረ። ሰዉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የሚያዝነው፤ የሚያዝነው ግን በተሰጠው ቦታ ላይ ነው። ካህናቱ ከፊት ቆሙ። ሳጥኑን የሚሸከሙት ሰዎች ቀረብ አሉ። ናሆም ወደ ምሰሶው ሄዶ አልቃሹን ዝም አሰኘና ወደ ትርሲት ዞሮ ራሱን በመነቅነቅ ምልክት ሰጣት።

ድንኳኑ ጭጭ አለ። ለቀስተኛው ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፤ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ። ትርሲት ተነሥታ ወደ ሳጥኑ ሄደች። አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ ጫፍ ላይ የቆመው ያው የድሮው ነበር፤ አውቃው መለሰችው። ሌላ ስትፈልግ ምንም አጣች። ሁሉም ያያታል። አንድ ሕፃን ሲያስል፣ የከረሜላ ወረቀት ሲፈታ ይሰማል። ሚልኬ፣ ልዋሽብህ ነው፣ አለች በልቧ።

ያን ጊዜ አልቃሹ በራሱ ተነሳ። የሃያ ስምንት ዓመቷ ትርሲት ከምሰሶው ላይ ዝግ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ለቀስተኛው እፎይ ብሎ አንገቱን ደፋ። ከፊት የቆሙት ተሸካሚዎች እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ዘረጉ።

ናሆም ትርሲትን አያት። የሚያምር ካፖርቱን አወለቀና አልቃሹን ጠቅልሎ ከምሰሶው ላይ ነቀለው። ሰው ሁሉ እያየው፣ የሚያለቅሰውን ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፎ ከድንኳኑ ወጣ። ድምጿ ከካፖርቱ ውስጥ ታፍኖ ከፍ አለ፣ ራቀ፤ የእድሩ መኪና በር ሲዘጋ ጠፋ። እድሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ናሆም ተመልሶ በሸሚዙ ብቻ ብርድ ላይ ቆመ።

ትርሲት ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት መዳፏን ጋቢው ላይ ጣል አደረገች። አስባ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ከዚያም እንደ ልማዷ ጠበቀች።

ከጋቢው ስር እንጨት ነበር። እንጨቱ ዝም አለ።

መዳፏን ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ እንደገና ጠበቀች። ጣቱን ሳታገኛት ቀርታ እንጂ እዚያ የሌለች አልመሰላትም ነበር። ከዚያ ገባት። ክሊኒኩ ያልነገራት፣ የተነጠፈው አልጋ ያልነገራት ነገር ያን ሰዓት በመዳፏ ገባት።

«ኧረ ሚልኬ» አለች። «ኧረ ንካኝ።»

ድምጿ የሚያምር አልነበረም። የሻከረ፣ አክታ የያዘው የአሮጊት ድምፅ ነበር። አልተነሳም፣ አልወረደም፤ አንድ ቦታ ላይ እየተሰበረ ወጣ። መሀል ላይ ሳል ያዛትና አቋረጣት፤ ስታበቃ ቀጠለች። «አንዴ ንካኝ። ጋቢህን አምጥቼልህ። አመጣሁልህ እኮ፣ ይኸው፣ ምነው ባትቸኩል፣ ንካኝ እንጂ ሚልኬ…» ሳጥኑ ላይ ተደፋች። ጋቢውን በሁለት እጇ ጨብጣ እያንቀጠቀጠች አለቀሰች። ጥሩ ይውጣ አይውጣ አልሰማችውም።

ለቀስተኛው አንገቱን ይድፋ፣ ቀና ይበል፣ ግራ ገባው። መሀረብ የሚወጣበት ቦታ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ የንፍሮ ሳህናቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ልጃቸውን በስሙ ጠሩ፤ ልጃቸው ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ጀመረች፤ ከኋላ ያሉትም፤ አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ፣ ሳይገጥሙ። ናሆም በሸሚዙ እንደቆመ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ በብሎኮቹ ላይ መስኮት ይከፈት ጀመር። የአልቃሹን ድምፅ ሰው እንደ ዝናብ ነው የሚሰማው፤ መስኮቱን ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል። ይሄ ግን የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም። የእድሩ መልእክት ያልደረሳቸው፣ እድርተኛም ያልሆኑ፣ ሚልኪያስን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሊፍቱን ሳይጠብቁ በደረጃ ወረዱ። ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ፣ ጉርሻቸውን ሳይውጡ፣ አንዱ ጺሙን ግማሽ ላጭቶ መጡ። ድንኳኑ ስላልበቃቸው ደጁ ላይ ቆሙ።

ከነሱ አንዷ፣ እጇ የሳሙና አረፋ እንደሆነ፣ ሰዉን እየገፋች መጥታ ትርሲት አጠገብ ተንበረከከች። ምን እንደሚባል ስለማታውቅ ትርሲት ትከሻ ላይ እጇን ጣል አድርጋ አብራት አለቀሰች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ነው መጠየቅ እንዳለባት ትዝ ያላት።

«እማማ፣ ለመሆኑ ማን ነው የሞተብዎት?»

ትርሲት ቀና አለች። ፊቷ አብጦ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ባሌ ነው» አለች። «በፊትም አልቅሼለት ነበር። ያኔ ግን አልሞተም ነበር።»

ሴትዮዋ አልገባትም። አረፋ በነካው እጇ ጋቢው ላይ ያለውን የትርሲትን እጅ ያዘችና ማልቀሷን ቀጠለች።